የአጥቢያ ኑሮ በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በተማሪዎች ስም የተነበበ ንግግር



ርእስ ምረጡ በተባልን ጊዜ ብዙ ተከራክረናል። አንዳንዶቻችን ስለ ሳይንስ፥ አንዳንዶቻችንም ስለ ስፖርት እንናገር ብለን ነበር። በመጨረሻ ግን ሁላችን የምናውቀውን፥ ዳሩ ግን በየቀኑ ስለምናየው ልብ ብለን የማናስተውለውን ነገር ለመናገር ተስማማን። ይኸውም ያደግንበት አጥቢያ ነው።

ከመካከላችን የአጋሮ፥ የሊሙ ገነት፥ የሰቃ፥ የጌራና የጅማ ከተማ ልጆች አሉ። አንዳንዶቻችን በቤተ ክርስቲያን ደወል፥ አንዳንዶቻችንም በመስጊድ አዛን እየነቃን ያደግን ነን። ስለዚህ በዚህ ንግግር «እኛ» ስንል ሁላችንን ማለታችን ነው። የምንናገረው ስለ ቤተ ክርስቲያን አጥቢያ ቢሆንም ሙስሊሞቹ ጓደኞቻችን ከእኛ ጋር ተቀምጠው ጽሑፉን አርመዋል፤ የረሳነውንም አስታውሰውናል። በጅማ አገር የአንዱን ኑሮ ያለ ሌላው መናገር አይቻልምና።

አጥቢያ ማለት ምን ማለት ነው? አጥቢያ ማለት በአንድ ቤተ ክርስቲያን የሚጠመቅ፥ የሚቆርብ፥ የሚያገባና የሚቀበር ሕዝብ የሚኖርበት አካባቢ ነው። ድንበሩ በአጥር አይታወቅም። ደወሉ እስከሚሰማበት ድረስ አጥቢያው ነው ይላሉ አባቶቻችን። በዚያ ውስጥ ካህናቱና ዲያቆናቱ፥ መሪጌታውና የቆሎ ተማሪው፥ የመገበሪያውን ስንዴ የምታሰናዳው አቃቢት፥ የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቀው ገበዝ፥ በየቤቱ እየዞሩ የሚመክሩት የንስሐ አባት፥ ከእነርሱም ጋር ገበሬው፥ ነጋዴው፥ ሸማኔውና ሴት ወይዘሮዋ ይገኛሉ። ሰውን ከሰው የሚያገናኘው ግን ሕንጻው ብቻ አይደለም። ደስታና ኀዘን በመጣ ጊዜ ማን ለማን ይደርሳል የሚለው ጥያቄ ነው።

ይህ ነገር በሌላ አገርም እንግዳ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ገጠር ሕዝቡ ለብዙ መቶ ዘመናት የኖረው በየአጥቢያው ተከፍሎ ነው። በመንደሩ መካከል የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን፥ በዙሪያዋ መቃብር፥ በአጠገቧም የቄሱ ቤት ይታያል። ገበሬው ከእህሉ ለቤተ ክርስቲያን አሥራት ያገባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1538 በንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ዘመን በየአጥቢያው የተጠመቀው፥ ያገባውና የተቀበረው ሰው ሁሉ ስሙ በመዝገብ እንዲጻፍ ታዘዘ። ስለዚህም መዝገቡ ባልጠፋበት አጥቢያ አንድ ተራ የገበሬ ልጅ ከብዙ ትውልድ በፊት የነበሩትን የቅድመ አያቶቹን ስም ፈልጎ ለማግኘት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1601 የወጣው የድሆች ሕግም እያንዳንዱ አጥቢያ ገንዘብ እያዋጣ የራሱን ችግረኞች እንዲረዳ አስገደደ።

ነገር ግን ይህ መልካም ሥራ ሌላ ጎን ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1662 በወጣ ሕግ መሠረት ሥራ ፍለጋ ከሌላ አጥቢያ የመጣ ድሃ ሸክም ይሆንብናል ተብሎ ከተፈራ፥ በመጣ በአርባ ቀን ውስጥ ክስ ሲቀርብበት ወደ ቀድሞ አጥቢያው እንዲመለስ ይደረግ ነበር። አጥቢያው የራሱን ሰው ሲጠብቅ እንግዳውን ገፋ ማለት ነው። ይህን ነገር በልባችሁ ያዙልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። የጅማ ምድር የክርስትናም የእስልምናም ረጅም ታሪክ አለው። ከዛሬው ሊሙ ወገን የነበረው የጥንቱ መንግሥት እናርያ ይባል ነበር። የእናርያው ገዥ ባዳንቾ እ.ኤ.አ. በ1588 በዐፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን ከብዙ ሕዝቡ ጋር ተጠምቋል። ከዚያ በኋላ የኦሮሞ ሕዝብ በአካባቢው ሰፈረ። በ19ኛው መቶ ዘመንም በጊቤ ዙሪያ ሊሙ እናርያ፥ ጎማ፥ ጉማ፥ ጌራና ጅማ የተባሉ አምስት መንግሥታት ቆመው እስልምና በመካከላቸው ጸና። ከእነዚህ ሁሉ ረጅም ዕድሜ ያገኘው የጅማው ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. በ1878 ነግሠው፥ ለዐፄ ምኒልክ በመገበር አገራቸውን ከጦርነት ጥፋት አዳኑ። መንግሥታቸውም እስከ 1932 ድረስ የውስጥ አስተዳደሩን ይዞ ቆየ። በጅሬን ኮረብታ ላይ ያለው ቤተ መንግሥታቸው የዚያ ዘመን ምስክር ነው። ከኮረብታው በታች ደግሞ ዝነኛው የሂርማታ የሐሙስ ገበያ ነበር። የዛሬዋም የጅማ ከተማ ያደገችው በዚሁ ገበያ ዙሪያ ነው።

ወደዚህ ገበያ ከጎጃምና ከሸዋ፥ ከወለጋና ከከፋ ነጋዴ ይመጣ ነበር፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም። ከነጋዴው በኋላ ወታደሩና ሹሙ፥ ከእነርሱም ጋር ካህኑ መጣ። እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941 በነበረው የጣሊያን ወረራ ጊዜና ከዚያም ወዲህ መንገዱ ሲከፈት፥ የቡናውም ንግድ ሲሰፋ፥ ሌላ ብዙ ሰው ጨመረ። እንግዲህ ይህን ታሪክ ስንመለከት አንድ ነገር እንረዳለን። በጅማና በዙሪያዋ ካሉት አጥቢያዎች የብዙዎቹ መሠረት እንግዳ ነው። አያቶቻችን አብዛኞቹ ከሩቅ የመጡ ሲሆኑ፥ ማረፊያ የሰጣቸው፥ ቋንቋ ያስተማራቸው፥ የቡናውን ጠባይ ያሳያቸው ቀድሞ የነበረው ጎረቤት ነው።

የአጥቢያችን ዓመት የሚዞረው ከቡናው ጋር ነው። በመስከረም ደመራ ሲለኮስ ቡናው ገና አረንጓዴ ነው። በጥቅምት መቅላት ይጀምራል። በኅዳር ለቀማው ይበረታል። ታዲያ በዚሁ በኅዳር ወር በ12 የቅዱስ ሚካኤል፥ በ21 የጽዮን ማርያም በዓል ይውላሉ፤ በ15 ደግሞ የነቢያት ጾም ይገባል። ገበሬው ጾሞ ይለቅማል፤ በበዓሉ ቀን ግን እጁን ይሰበስባል። የደረሰ ቡና ቶሎ ካልተለቀመ ይረግፋል፤ የተሰጣውም ዝናብ ካገኘው ይበላሻል። ስለዚህ በየዓመቱ በኅዳር በየቤቱ ጭንቀት አለ።

ጭንቀቱን የሚያቃልለው ጎረቤት ነው። እሑድ ክርስቲያኑ ወደ ቅዳሴ ሲሄድ ሙስሊሙ ጎረቤቱ ስጡን ይጠብቅለታል፤ ደመና ከመጣም ሰብስቦ ያለብስለታል። ዓርብ በጁምዓ ሰዓት ደግሞ ክርስቲያኑ የሙስሊሙን ስጥ ይጠብቃል። ይህን ውል የጻፈው የለም፤ ወረቀትም ማኅተምም የለውም። እኛ ግን ልጆች ሳለን በጎረቤት ስጥ ዳር ተቀምጠን ዶሮ ስናባርር ውለናል። ለብዙዎቻችን የመጀመሪያው የአጥቢያ ሥራችን ይህ ነበር።

ገና በታኅሣሥ 29፥ ጥምቀት በጥር 11 ሲመጣ የቡናው ገንዘብ በእጅ ነው። የተሳለው ስእለቱን ያገባል፤ ጥላው፥ መጋረጃው፥ ጧፉና ዕጣኑ ይመጣል። ታቦቱ ወደ ውኃው ሲወርድ አገሩ ሁሉ ነጭ ይለብሳል። የጥር ሠርግም ይከተላል። በዐቢይ ጾም ወራት ዝናቡ ጠብ ሲል ቡናው ያብባል፤ አበባውም እንደ በረዶ ነጭ ሆኖ ሽታው በየመንገዱ ይሞላል። ከዚያ ክረምቱ ይገባል። በሐምሌና በነሐሴ የቡናው ገንዘብ አልቋል፤ መንገዱ ጭቃ ነው፤ የሙዳየ ምጽዋቱም ሣጥን ባዶውን ይንኳኳል። የአጥቢያ ጥንካሬ የሚታወቀው በጥር ሳይሆን በነሐሴ ነው።

ችግሩ የሚመጣውም ከሰማዩ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1989 በዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት የነበረው የኮታ ሥርዓት በተቋረጠ ጊዜ የቡና ዋጋ ወደቀ። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ታይቶ በማይታወቅ ሁኔታ ዝቅ አለ። በለንደንና በኒው ዮርክ ገበያ የወረደው ቁጥር እዚህ የሠርግ ቀን ያራዝማል፥ የልጅ ደብተር ያስቀራል፥ የካህኑንም ደመወዝ ያጎድላል። አንዳንዱ ገበሬ ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለው በእንዲህ ያለው ጊዜ ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ሕዝቡን ደግፈው የያዙት ማኅበሮቹ ናቸው። የመጀመሪያው ሰንበቴ ነው። የሰንበቴ አባሎች በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ተሰብስበው፥ ተራ የደረሰው ሰው ባመጣው ዳቦና ጠላ ይገናኛሉ፤ ነዳያንም ከዚያው ይበላሉ። ሁለተኛው በአንድ ቅዱስ ስም በየወሩ በየቤቱ የሚጠጣው የጽዋ ማኅበር ነው። በዚያ የተጣላ ይታረቃል፤ ተጣልቶ ጽዋውን መቅመስ ነውር ነውና። ሦስተኛው ዕቁብ ነው፤ ብዙው ሱቅና ብዙው የቆርቆሮ ቤት በዕቁብ ገንዘብ ቆሟል። አራተኛው ደቦ ነው። በኦሮምኛም ስሙ ዳቦ ይባላል፤ ከሚበላው ዳቦ ጋር ግን አይምታታባችሁ፤ ምንም እንኳ ያለ እርሱ ሥራው ባይጀመርም።

አምስተኛውና ከሁሉ የበረታው ዕድር ነው። ዕድር አሁን በምናውቀው መልኩ በከተሞች የተስፋፋው በ20ኛው መቶ ዘመን ነው። ዳኛ፥ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው። ድንኳን፥ አግዳሚ ወንበር፥ ብረት ድስትና ሳሕን አለው። ሰው በሞተ ጊዜ ጥሩምባው ይነፋል፤ ወንዶቹ ድንኳን ይተክላሉ፥ መቃብር ይቆፍራሉ፤ ሴቶቹ ንፍሮ ይቀቅላሉ፥ እንጀራ ይጋግራሉ። ኀዘንተኛው ሦስት ቀን ምድጃ አያነድም። በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ መዝገብ የሚጻፉባቸው የሰፈር ዕድሮች አሉ። ሙስሊሙ ክርስቲያን ጎረቤቱን ተሸክሞ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ይሸኛል፤ ክርስቲያኑም ሙስሊም ጎረቤቱን እስከ መቃብሩ ያደርሳል። በሠርግም ጊዜ ሥጋው ለየብቻ ታርዶ፥ ድስቱም ለየብቻ ተጥዶ፥ ሁሉም በአንድ ድንኳን ይቀመጣል። በጾም ወራት ደግሞ የሽሮውና የምስሩ ወጥ ለሁሉ ይሆናል። ቡናውማ ሃይማኖት ሳይለይ ሦስት ጊዜ ይፈላል።

ይህን ስንናገር ሁሉ ነገር ዘወትር ሰላም ነበረ ብለን አንዋሽም። በ1999 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት በአጋሮ አካባቢ በበሻሻ በሃይማኖት ምክንያት በተነሣው ጠብ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ በአሰንዳቦ አካባቢ ብዙ የወንጌላውያን ጸሎት ቤቶች ተቃጥለው በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ተሰደዋል። እነዚህን ነገሮች የምናነሣው ቁስል ለመነካካት አይደለም። ጉርብትና እንደ ቡና ዛፍ ነው፤ አያት ተክሎት የልጅ ልጅ ይለቅመዋል፤ ያልተኮተኮተ ግን አረም ይውጠዋል። አባቶቻችን ስላደረጉት ብቻ የእኛ ሆኖ አይቀጥልም።

የአጥቢያው አቋም ራሱ የተፈተነበት ጊዜም ነበር። ቀድሞ ካህናት የሚኖሩት በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን መሬት ነበር። በ1965 ዓ.ም. ቃለ ዓዋዲ የተባለው ደንብ ወጥቶ፥ ካህናትና ምእመናን በአንድነት የሚመክሩበት ሰበካ ጉባኤ በየአጥቢያው እንዲቋቋም ተወሰነ። ጥቂት ቆይቶ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት እንዲሆን ታወጀ፤ የቤተ ክርስቲያንም መሬት አብሮ ሄደ። እንግዲህ ቤተ ክርስቲያን በምን ትኖራለች? ተብሎ ነበር። የኖረችው በሰበካ ጉባኤው መዋጮ ነው። አንዱ ብር፥ አንዱ ቁና ቡና፥ አንዷም የፈተለችውን ጥጥ ይዛ መጣች። በእንግሊዝ አገርም የአሥራት ግብር እ.ኤ.አ. በ1936 በወጣ ሕግ እየቀረ ሄዶ አጥቢያዎቹ በሕዝቡ ስጦታ ላይ መደገፍ ግድ ሆኖባቸዋል። ከዚህ የምንማረው፥ አጥቢያ በመሬት ሳይሆን በሰው እንደሚቆም ነው።

አሁን አንድ ያየነውን ነገር እንናገራለን። ጥቂቶቻችን ገና ትንንሽ ልጆች ሳለን በአንድ የቡና መንደር በኅዳር ወር የሆነ ነው። የመንደሩንም ሆነ የዕድሩን ስም ማንሣት አያስፈልግም። እንደምታውቁት በለቀማ ጊዜ ከዳውሮና ከኮንታ፥ ከከምባታና ከወሎ፥ ከሌላም አገር ብዙ ሠራተኛ ወደ ቡናው አገር ይመጣል። ከእነዚህ አንዱ፥ ዕድሜው ከእኛ የአሁኑ ዕድሜ የማይበልጥ ወጣት፥ ታሞ ሦስት ቀን ተኝቶ ሞተ። ከሌሎች ለቃሚዎች ጋር የሚያድረው በአንድ ሙስሊም ገበሬ ግቢ ባለ ዳስ ውስጥ ነበር። ክርስቲያን መሆኑ የታወቀው በአንገቱ ባለው ማተብ ነው።

ገበሬው ወደ ዕድሩ ሰው ላከ። የዕድሩ ጸሐፊ መዝገቡን ገልጦ አየና፥ «ሟቹ አባል አይደለም፤ መዋጮም አልከፈለም፤ ስለዚህ ድንኳንም ሣጥንም ሊሰጠው ደንቡ አይፈቅድም» አለ። ጸሐፊው ክፉ ሰው አልነበረም፤ የተናገረውም ከደንቡ አልወጣም። ነገር ግን ሬሳው ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት በዳሱ ውስጥ ቆየ። ሽማግሌዎቹ በዋርካው ጥላ ተቀምጠው ሲከራከሩ፥ ያ ገበሬ ከሱቅ አቡጀዲ ገዝቶ፥ በክንዱ ይዞ መጣና ምንም ሳይናገር በፊታቸው ቆመ። ያን ጊዜ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው፥ «ለመሆኑ አያቴ ወደዚህ አገር ሲመጣ የየትኛው ዕድር አባል ነበር?» ብለው ጠየቁ። የሚመልስላቸው አልተገኘም። ጥሩምባው ተነፋ። ድንኳኑ ወጣ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ቃሬዛውን እየተቀባበለ ወሰደው።

በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ካህኑ፥ «ስመ ክርስትናው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ጓደኞቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። እነርሱ የሚያውቁት የቅጽል ስሙን ብቻ ነበር። ካህኑም ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፥ «ጌታ ሆይ፥ ስሙን አንተ ታውቀዋለህ» ብለው ጸሎቱን ቀጠሉ። እንዲህ ሆኖ ተቀበረ። የመጣበትን ቀበሌ የሚያውቅ ስላልነበረ መርዶ የሚያደርስ አልተገኘም። ምናልባት እናቱ በዓል በመጣ ቁጥር መንገድ መንገዱን ታይ ይሆናል።

ክቡራንና ክቡራት፤ ይህ ነገር ከልባችን አልወጣም። የመንደሩ ሰው በመጨረሻ መልካም አደረገ፤ ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን መልካም ለማድረግ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፈጀበት። ስሙንም ለመጻፍ ከዚያ በፊት ማንም አላሰበም። ቀደም ብለን በእንግሊዝ አገር አጥቢያው እንግዳውን ገፋ ያልነው ነገር፥ ሳናስበው በእኛም ዘንድ ሊገባ እንደሚችል ያየነው በዚያ ቀን ነው። እንግሊዞቹ መዝገብ ነበራቸው፤ እንግዳ መቀበል ግን ከበዳቸው። እኛ እንግዳ መቀበል ከአባቶቻችን ወርሰናል፤ መዝገብ ግን ይጎድለናል። ሁለቱን በአንድነት መያዝ አይቻልምን?

ስለዚህ በዚህ በዓል ቀን ሦስት ነገር እናሳስባለን።

አንደኛ፥ እኛ ማንበብና መጻፍ የተማርን ልጆች በዕረፍት ጊዜያችን ወደየአጥቢያችን ስንመለስ፥ ካህናቱንና ሽማግሌዎቹን አስፈቅደን የተጠመቀውን፥ ያገባውንና የተቀበረውን ሰው ስም በንጹሕ መዝገብ እንጻፍ። መዝገብ ባለበት አጥቢያ ያረጀውን እንገልብጥ፤ በሌለበት እንጀምር። ሙስሊሞቹ ጓደኞቻችንም በየሰፈራቸው እንደዚሁ ለማድረግ ቃል ገብተዋል። መንግሥት የልደት፥ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በ2008 ዓ.ም. ጀምሯል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም የመንግሥት መዝገብ የአያትን ታሪክ፥ የቤተ ክርስቲያኑን ተካይ፥ ደወሉን ማን እንደ ሰጠ አይጽፍም። ያን የሚያውቁ ሽማግሌዎች በየዓመቱ እየቀነሱ ናቸው።

ሁለተኛ፥ በየጥቅምቱ ለቀማ ሲጀመር የሚመጣው ሠራተኛ ሁሉ ስሙ፥ ስመ ክርስትና ያለውም ስመ ክርስትናው፥ የመጣበት አገርና የዘመዱ ስም ይጻፍ። ይህ አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ብቻ ይጠይቃል። ሥራውን እኛ ተማሪዎች እሑድ ከቅዳሴ በኋላና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልናከናውነው እንችላለን። አሠሪዎች ወላጆቻችን በሩን ብቻ ይክፈቱልን።

ሦስተኛ፥ የየዕድሩ ሹማምንት አባቶቻችን በደንባቸው ውስጥ አንድ ትንሽ አንቀጽ እንዲጨምሩ እንለምናለን። ይኸውም የእንግዳ ድርሻ ነው። እያንዳንዱ አባል በቡናው ወር ከሚያወጣው መዋጮ ላይ ጥቂት ሳንቲም ቢጨምር፥ ዘመድ የሌለው ሰው በታመመ ጊዜ ወደ ጤና ጣቢያ ለመውሰጃ፥ በሞተም ጊዜ በክብር ለመቅበሪያ ይበቃል። ገንዘቡ ከየት ይመጣል ለሚሉን፥ ለተስካርና ለሠርግ ከአቅም በላይ ከምናወጣው ጥቂቱ ቢቀነስ ይተርፋል ብለን በትሕትና እንመልሳለን። ይህን ስንል ወላጆቻችንን ለመገሠጽ ደፍረን አይደለም፤ ለእኛ ትምህርት የሚከፍሉት በስንት ድካም እንደሆነ እናውቃለንና ነው።

ተማሪ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፤ ከእኛ ብዙዎቻችን ትምህርታችንን ስንጨርስ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ሌላ አገር እንሄዳለን። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከአጥቢያ ግን ርቀቱ ከዚያ ይበልጣል። በዚያ እኛው ራሳችን ስማችንን የማያውቅ ሰው መካከል እንግዶች እንሆናለን። በሄድንበት የሚቀበለን ሰው እንድናገኝ የምንመኝ ከሆነ፥ ዛሬ በደጃችን ያለውን ቡና ለቃሚ ስምህ ማን ነው ብለን እንጠይቀው።

ትምህርት ቤታችንም በመሠረቱ አንድ አጥቢያ ነው። ደወል አለው፤ ደወሉንም ሰምተን ከየመንደሩ እንሰበሰባለን። መዝገብ አለው፤ መምህሮቻችን በየጠዋቱ ስማችንን ይጠራሉ፥ የቀረውንም ለምን ቀረ ብለው ይጠይቃሉ። ስም ተጠርቶ «አቤት» ማለትን የተማርነው ከእነርሱ ነው። ለዚህ ድካማቸው በተማሪዎቹ ሁሉ ስም እጅ እንነሣለን።

እግዚአብሔር አገራችንን ይባርክ፤ ቡናውን ከበረዶ፥ ሕዝቡን ከጠብ ይጠብቅ። ለመጪው ዓመት በዓል በሰላም ያድርሰን።